አቾል ባዕድ የሆነችበት ክረምት

በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ ወጣች። ድንበሩም እንግሊዞች ከሃምሳ አምስት ዓመት በፊት ትተውት በሄዱት መስመር ላይ ጸና። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ተወልዳ ያደገችው ነርሷ አቾል ደቡብን አይታው አታውቅም። ወላጆቿ ግን የዚያ ሰዎች ስለነበሩ ሱዳናዊነቷን አጣች።

«ኢቃማ አውጪ አሉኝ» ብላ ለጎረቤቷ ለእፀገነት ነገረቻት። «በተወለድኩበት ከተማ የመኖሪያ ፈቃድ!»

እፀገነት የጎንደር ሰው ናት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ካርቱም ስትገባ፣ እጇን ይዛ የኢቃማ ወረፋ ያስያዘቻት አቾል ነበረች።

«ያላ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት እፀገነት።

በማግስቱ ጠዋት የውጭ አገር ሰዎች ሰልፍ ላይ ተከታትለው ቆሙ። አቾል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባዕድ መሆን በስንት ዓመት ይለመዳል?» ስትል ጠየቀቻት።

እፀገነት ወደ እሷ ዞረች። «እኔ የምመለስበት አገር ስላለኝ ለመድኩት። ያንቺን ግን አላውቀውም፣ እህቴ።»

ተራዋ ሲደርስ አቾል በቅጹ ላይ የትውልድ ቦታዋን «ካርቱም፣ ቡሪ» ብላ በትልልቁ ጻፈች። ዜግነት የሚለውን ባዶ ተወችው። ጸሐፊው አንብቦ ቀና ብሎ አያት። ከዚያም «ደቡብ ሱዳን» ብሎ ራሱ ሞላና ማኅተም መታበት።