የመልካ ጀብዱ ተራ

መልካ ጀብዱ ከመንገዱ ዳር፣ በኒም ዛፎቹ ጥላ፣ የጭነት መኪኖች ተራ ይይዛሉ። ተራ አስከባሪው ሰይፈ ሚካኤል ነው፤ የራሱም ባለተሳቢ መኪና እዚያው ይሰለፋል። ሕጉ አጭር ነው። መኪናም በተራው፣ ጭነትም በተራው፤ የፊተኛው ጭነት ሳይነሣ የኋለኛው አይጠራም። ይህን ለጣሰ ሰይፈ ምሕረት አልነበረውም። የገዛ አማቹን ክፍሌን እንኳ አንድ ወቅት ከሰልፍ አባርሮታል።

ቢሻሮ የሲሚንቶ ነጋዴ ናት። ሲሚንቶዋን ከፋብሪካ አንሥተው፣ በጅጅጋ በኩል ድንበር አሻግረው፣ ቦሳሶ ወደብ ድረስ የሚያደርሱላት የእነሰይፈ መኪኖች ነበሩ። አንድ ቀን መጥታ በቃኝ አለች። ሲሚንቶው በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ የባሕሩን ዳር ተከትሎ በጀልባ ቦሳሶ ይገባል። ከእነሱ የምትፈልገው ከፋብሪካው እስከ ባቡር ጣቢያው ያለውን ብቻ ነው።

ሰይፈ ባሕር ይዘገያል አላት። ይዘግይ፣ ሲሚንቶ ቲማቲም አይደለም አለችው። እርጥበቱን፣ ማዕበሉን፣ ሁለት ጊዜ ማውረዱንና መጫኑን እያነሣ ሊያስፈራራት ሞከረ። ሁሉንም አስባበታለች።

«ባዶህን ስትመለስ ናፍጣህን የምገዛልህ እኔ ነኝ። በየኬላው የምትከፍለውም የእኔ ነው። ጀልባው ይህ ሰልፍ በሙሉ የሚጭነውን ብቻውን ይችላል፤ ሲመለስም የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ ነው። ወላሂ ዝምድና የለን፤ ምን ቆርጦኝ ልጡርህ?»

«እንግዲያው በአህያ አስጭኚው» አላት።

ሾፌሮቹን ሰበሰበ። ረጅሙ መንገድ ከቀረ የሚተርፈው ፋብሪካና ጣቢያ መሀል መመላለስ ነው፤ እሱ ደግሞ ለግማሹ መኪና እንኳ አይበቃም። ስለዚህ የቢሻሮን ሲሚንቶ ማንም እንዳይነካ አላቸው። ተማማሉ። ዋሪስ የሚባለው ሾፌር ብቻ፣ ሠርቶ ማታ ቤት መግባት ምን ክፋት አለው ብሎ አጉረመረመ። ሚስትህ ናፍቃህ ነው ብለው አላገጡበት።

በማግስቱ ቢሻሮ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ጭነቷን አስጠራች። የሚያነሣ ጠፋ። ወንበር አስመጥታ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ የስንዴ ጭነት ነበር፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ብረት። የፊተኛው ሳይነሣ ግን የኋለኛው አይጠራም። ለሰይፈ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። እሷ ላይ የዘጋ መስሎት ሰልፉን በሙሉ ቆልፎታል።

ፀሐዩ ከረረ። የስንዴው ባለቤት ከከተማ ሌላ መኪና አመጣለሁ እያለ ይዝታል። ሾፌሮቹ የሰይፈን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። ክፍሌ ፈገግ ብሎ በመፋቂያ ጥርሱን ይፍቃል።

ሰይፈ ወደ ቢሻሮ ሄዶ ጭነትሽን ከተራው አውጪና ከዚህ ጥፊ አላት።

«ሕጉ ያንተ ነው» አለችው ሳትነሣ። «አፍርሰው።»

 ሰይፈ ዞሮ ስንዴውን ጠራ።

የፊተኛው መኪና ሞተር ገና ሳይነሣ፣ ዋሪስ ከሰልፉ ጅራት መኪናውን አውጥቶ አፍንጫዋን ወደ ፋብሪካው አዞረ። ሰይፈ መንገዱ ላይ ቆመበት።

«ተራህ አይደለም።»

«የቱ ተራ?» አለው ዋሪስ በመስኮቱ። «አሁን በአፍህ አይደል ያፈረስከው? ዞር በል አቦ።»

ከዋሪስ ኋላ ሌሎቹም ተነሡ። ገሚሱ ለሲሚንቶ፣ ገሚሱ ለጨው ተሻማ፤ መኪና ከመኪና ተጋፋ፤ አቧራው ዛፎቹን ዋጣቸው። ቢሻሮ ነጠላ ጫማዋን እያራገፈች በሰይፈ አጠገብ አለፈች። ቀና ብላም አላየችው።

አቧራው ሲረግብ የሰይፈ መኪና ብቻዋን በቦታዋ ቆማለች። ከፊቷም ከኋላዋም የተሰለፈ የለም።