ምላጭ ያለሰለሰው ቁልቁለት

አመድ ሲርስ ይከብዳል። በሰው አገር ስማረው ቁጥር ነበር፤ የገባኝ እዚህ ተመልሼ፣ ቦት ጫማዬን ከጭቃው ለማላቀቅ በሁለት እጄ ስጎትት ነው።

ወጀቡ የፋብሪካውን አመድ መድፊያ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። የለበሰው ቀይ አፈር ተጠርጓል፤ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል፤ ግራጫው ዝቃጭ ወርዶ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ከአጥሩ ማዶ የመጀመሪያው ቤት የአባቴ ነው። ጎረቤቶቹ ፍራሻቸውን ጭነው ዘመድ ቤት ሲገቡ እሱ ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ያስፈራኛል?» አላቸው። «ሁለቱም ልጆቼ ከላይ ናቸው።»

አንደኛው ልጅ እኔ ነኝ፤ ውጭ ተምሬ የተመለስኩ፣ ጥገናውን የምመራ፣ መመለሴ ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን ያልለየልኝ። ሌላው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የዶዘር ኦፕሬተር። ሠራተኛው ሁሉ «ምላጭ» ይለዋል። እሱ ባለፈበት መሬት ላይ እንቁላል ብታስቀምጥ ወዴት እንደሚንከባለል ግራ ይገባዋል ይላሉ።

ቦረቦሩን ሞላነው፤ ጠቀጠቅነው፤ ቀይ አፈር አለበስነው። የቀረው ማጠናቀቂያው ነበር፤ የተጋጨነውም እዚያ ላይ ነው።

«ቁልቁለቱን ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ቀጥ ብለህ ውረድ» አልኩት። «የዶዘሩ ሰንሰለት ጥርስ የሚተወውን ጭረት እንዳትነካው። ጭረቱ አግድም ስለሚተኛ ውሃውን ይዞ ያሰርገዋል። ልሙጥ ከሆነ ግን የሚይዘው የለም፤ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የተቀመጥከው መሬት መቧጨር ልትማር ነው?»

«ጭረቱ ሣሩ እስኪበቅል ብቻ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እሺ፣ የኔ ምሁር። ግን ማንም ቢጠይቅህ ምላጭ አልሠራውም በል። እኔም ስም አለኝ።»

እያጉረመረመ እንዳልኩት ሠራው። ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ የከብት መውረጃ ነው እንዴ? ነገ እኮ እንግዶች አሉብኝ።»

አስረዳኋቸው። እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው ግን አልመሰለኝም። ወንድሜ ከዶዘሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ቁልቁለቱ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ተዘርግቷል። አንዲት ጭረት የለችም። ወንድሜ የዶዘሩ ሰንሰለት ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ፊቱ በርቷል።

«ምነው ወንድም ጋሼ! ምን አደረግህ?»

«በሰው ፊት እንዳትዋረድ ነዋ! ትናንት ሲያንቋሽሹህ አንጀቴ አረረ። ጎህ ሳይቀድ ገብቼ ነው ያለሰለስኩት። አየኸው? መስታወት!»

እንደገና ቢወጣና ቢወርድበት በግማሽ ቀን ይስተካከላል። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት የእንግዶቹ መኪኖች በሩ ላይ ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። «የእኛው ልጅ ነው፤ ውጭ ተምሮ የመጣ» እያሉ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ወሰዱኝ። ወንድሜንም ከዶዘሩ አስወርደው አስጨበጨቡለት። ኮፍያውን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ጠፋው፤ በሕይወቱ የተጨበጨበለት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። ከጭስ ማውጫው ጀርባ ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። አይቼዋለሁ። እንግዶቹን ልሸኝና እናስተካክለዋለን ብዬ ከእነሱ ጋር ምሳ ገባሁ።

ከማዕድ ሳንነሳ ዝናቡ ወረደ። ውሃው በመስታወቱ ላይ የሚይዘው አጥቶ ተንደረደረ፤ ቀዩን አፈር እንደ ቆዳ ገፈፈው፤ የደፈንነው ቦረቦር ተመልሶ አፉን ከፈተ።

ሲያባራ እኔና ወንድሜ እየሮጥን ወረድን። አጥሩ ተኝቷል። ዝቃጩ የጓሮውን ሽንኩርት ውጦ፣ የውሃ ጉድጓዱን ሞልቶ፣ ደጃፉን አልፎ ሳሎን ገብቷል። አባቴ እግሩን ሰብስቦ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ጫማዎቹን ታቅፏል።

«እጃችን አመድ አፋሽ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» አለ ወንድሜ፣ ሊያስቀው። አባቴ አልሳቀም።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለ፣ እኔን እያየ።

ወንድሜ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ፣ አባዬ። እሱ ተው ብሎኝ ነበር። ላሳምር ብዬ አለሰለስኩት።»

«ጠዋት ከበረንዳው አይቼዋለሁ። ያምር ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ዝናብ ከመጣ እንደሚወርድ ታውቅ ነበር?»

ጭብጨባውን አሰብኩ፤ ምሳውን አሰብኩ። አመድ ውስጥ ቆሜ ለአባቴ የሚነገር ምክንያት አልሆነልኝም።

«አውቅ ነበር።»

ከአልጋው ወረደ። ባዶ እግሩ ዝቃጩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠለቀ። ከበሩ ኋላ አካፋውን አነሳ። ወንድሜ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

«አንተ እረፍ» አለው። «አንተ አላወቅህም።»

አካፋውን ለእኔ ሰጠኝ።