የአቦይ ገብረዋሕድ አራት ጣት

ሰምሃል ከጠዋት ጀምራ የሠራችውን የመረብ ረድፍ አቦይ ገብረዋሕድ እንደገና መፍታት ጀመሩ።

«ጠባብ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም።»

ሰምሃል ንዴቷን ዋጠች። አቦይ የአባቷ አጎት ናቸው። ምጽዋ ባሕር ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ከዘመዱ ሁሉ መረብ በእጅ መሥራት የሚችሉ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። አሁን አዲስ አበባ፣ ኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍላቸው መረቡን ከመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥለው እሁድ እሁድ ያስተምሯታል። ጣቶቻቸው በሪህ እየተቆለመሙ ስለሆነ፣ እሳቸው ካቆሙ የምትጠይቀው ሰው የለም። ይህ ባይሆን ኖሮ ገና ድሮ ጥላቸው በሄደች።

ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናትና ሜትር ከቦርሳዋ አይጠፋም። አውጥታ ያልተፈታውን ለካች።

«ይኸው፣ አንዱ ዓይን ካንዱ አይበልጥም። እኩል ነው።»

«እኩልማ ነው። እኩል ጠባብ!» አራት ጣታቸውን አጋጥመው በመረቡ ዓይን ሊያሳልፉ ሞከሩ፤ አልገባም። «አራት ጣት አላልኩሽም?»

«የማን አራት ጣት? የእኔ ቀጭን ነው!»

«እንግዲያው ብይ፣ ጓለይ! ምግብ ብይ፣ ልጄ!»

«በእርስዎ ጣት ልክ መለኪያ እንጨት ልቁረጥና እንገላገል።»

«እኛ ባሕር ላይ እንጨት ይዘን አልዞርንም።»

ውጭ የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጮሃል። ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ሜትሩ ግን ገና እጇ ላይ ነበርና፣ በእልህ አጠገቡ የተሰቀለውን የእሳቸውን ሥራ ለካች። የላይኛውን ረድፍ የሠሩት ጠዋት ነው፤ የታችኛውን ከምሳ በኋላ። የታችኛው ሰፍቷል።

«አቦይ፣ ከሰዓት ጣትዎ ያብጣል?»

«ምን አገባሽ?»

«መረቡም አብሮ እያበጠ ነው።»

ወዲያው ጸጸታት። ቢያባርሯትስ? አቦይ ጣታቸውን ወደ ላይኛው ረድፍ፣ ወደ ገዛ ሥራቸው ሰደዱ። አልገባም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።

«ዓይኑ ከጠበበ የዓሣ ጫጩቶቹን ይይዛል» አሉ እንደተቆጡ። «ከሰፋ ደግሞ እራት የለም።» እጃቸውን አውጥተው መዳፎቻቸውን ትይዩ አደረጉ። «ወገቧ ይህን ያህል የሆነች ትለፍ። ከዚህ የወፈረች ትያዝ።»

ሰምሃል በመዳፎቻቸው መሃል ሜትሩን ዘረጋች።

«እጅዎን አያንቀሳቅሱ!»

«ዓሣ ቆሞ አይለካልሽም!»

«እርስዎ ዓሣ አይደሉም! ይርጉ!»

ረጉ። ለካች። ከእሳቸው የጠዋት ረድፍ ጋር ገጠመ።

«በይ እንጨትሽን ቁረጪ» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «መጀመሪያ ግን የከሰዓቱን ሥራዬን ፍቺ።»

ቦርሳዋን ወርውራ ተቀመጠች። የሽማግሌው ቋጠሮ ለጥፍሯ አልበገር አለ። በጥርሷ ያዘችው።

«ክሩን እንዳትበጥሺው!»

«ምን አድርገው ነው ያሰሩት?»

«እሱን ገና መቼ አስተማርኩሽ!»