ለግራ እጅ የሚሆን

መብረቅ ስለ ባትሪ ሊናገር ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሰውየው አንዴ ከተነሣ ቶሎ እንደማይቀመጥ ፎቶ አንሺ ባልደረቦቹ ያውቃሉ። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ከፍላሽ ፍቅሩ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ብልጭ ካላደረገ ፎቶ ያነሣ አይመስለውም።

«የድሮው ካሜራዬ ሆዱ ውስጥ መስታወት ነበረው፣» አለ ቀበቶውን ከፍ እያደረገ። «ከባድ ነበር። ስጫነው ቀጭ ብሎ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ግን ባትሪውን አንዴ ከሞላሁት ሰርጉን ጀምሮ ይጨርስልኛል። ይኼ መስታወት አልባው ግን ሙሽራዋ ገና መኪና ውስጥ ሳትገባ ደከመኝ ይላል። በኪሴ ሙሉ ባትሪ ይዤ ስሮጥ እንደ ቆርቆሮ ነው የምንኳኳው። ዘመዶቿ ሙዚቃው የመጣ ይመስላቸዋል።»

ሰው ሳቀ። ከፊት የቆመችው መሐንዲስም አብራ ሳቀች። ካሜራ ከሚሠራ ድርጅት ተልካ የመጣች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስታዳምጥ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ወጣት ናት። ጠዋት የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለው መስታወት አልባ የካሜራ ቦዲ ምን ቢኖረው ትወዳላችሁ? ከዚያ ወዲህ አፏን የምትከፍትበት ዕድል አላገኘችም።

ከኋለኛው ረድፍ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጋሽ ፈገግ ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። ስማቸውን የሰጧቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ስቱዲዮ ከከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ «ፈገግ በሉ» ሳይሉ ያነሡት ሰው የለም፤ ለፓስፖርት የመጣውን እንኳ መጀመሪያ ያስቁትና ከዚያ ኮስተር እንዲል ይለምኑታል። ዛሬ የመጡት በፈቃዳቸው አይደለም። መብረቅ ቤት ድረስ ሄዶ «ለዓመል ያህል ቁጭ በልልኝ፤ ስናገር የሚስቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል» ብሎ ጎትቶ አምጥቷቸው ነው።

ስትሮክ የመታቸው አምና፣ አንድ ማለዳ ጫማቸውን ሲያስሩ ነበር። እግራቸው ተመለሰ። ምላሳቸውም ተመለሰ፤ መብረቅ እንደሚለው ከነትርፉ ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን የሄደችበት አገር ተስማምቷት ቀረች። ጣቶቿ ይታጠፋሉ እንጂ አይጨብጡም። እና በዓለም ላይ ያለ ካሜራ ሁሉ መያዣው በቀኝ፣ ፎቶ ማንሻው መጫኛ በቀኝ፣ ሌሎቹ ቁልፎችም ሁሉ በቀኝ ናቸው። እንዲያ ሆኖ እንደተሠራ ያስተዋሉት እጃቸው ከከዳቻቸው በኋላ ነው።

ሰው ሲጠይቃቸው ግን «ጠገብኩ» ይሉ ነበር። «ዕድሜ ልኬን ዓለምን ያየሁት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እስቲ ደግሞ ጥቂት ጊዜ በሁለቱም ልያት።» አባባሉ ለጆሮ ስለሚጥም ማንም አልተጠራጠራቸውም። ስቱዲዮውን ልጃቸው ተረከበች። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበላሉ፤ ሕፃን ሲመጣ ከካሜራው ጀርባ ቆመው ኮፍያቸውን አፍንጫቸው ላይ ያመጣጥናሉ። ልጃቸውን «አለቃዬ» ይሏታል። እሷ አትወደውም፣ እሳቸው ግን መጥራቱን አልተዉም።

አዳራሹ ውስጥ ምኞቱ ቀጥሏል። የቲያትር ፎቶ የምታነሣዋ ሴት ድምፅ የሌለው መጫኛ ጥሩ መሆኑን፣ ግን ከበሮ የሚመታውን ሰውዬ ስታነሣው ዱላው እንደ እባብ ተጣሞ እንደሚወጣ ተናገረች። «ዝም ብሎ ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ስጡኝ፣ ሌላ አልፈልግም።» የወፍ ፎቶ አንሺው ተነሣ። ጫካ ውስጥ ብቻውን መዋል የለመደ ሰው ስለሆነ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። እሱ ወፏ ከበረረች በኋላ ሁልጊዜ እንደሚዘገይ፣ ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ያለችውን ቅጽበት አስቀርቶ የሚጠብቀው ካሜራ እንደሚመኝ ገለጸ። ያን የሚሞክሩ ካሜራዎች ቢኖሩም እሱ ከዚያ የበለጠ እንዲፈጥኑ ይፈልጋል።

«እንዲህ ያለው ለእኔም ይሠራልኝ፣» አለ መብረቅ ከተቀመጠበት። «ባለቤቴ ከመቆጣቷ በፊት ያለችውን ቅጽበት ባገኛት።»

ከዚያ የጋሽ ፈገግ ልጅ ተነሣች። አባትየው ጀርባዋን ነው የሚያዩት። ስትናገር ትከሻዋን ወደኋላ ትስባለች፣ ልክ እንደ እናቷ።

«ቪዲዮ ስቀርጽ እንደ ካውያ ይግላል፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን መያዣው ነው። ትንሽ ቦዲ ስትሠሩ መያዣውንም ታሳጥሩታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ስይዘው ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጥታ አየር ላይ ትንጠለጠላለች። ማታ ማታ ቁርጥማት ይሆንብኛል። ለትንሿ ጣት ቦታ ይኑራት። እሷም እኮ የእጁ ልጅ ናት።»

ጋሽ ፈገግ ሳቁ። የተለመደው ሳቃቸው አልነበረም፤ ከሆድ ሳይታሰብ የወጣ፣ ጠረጴዛ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ልጃቸውም ዞረች፣ ግራ ተጋብታ።

«አባት፣ ምን አሳቀዎት?» አለች መሐንዲሷ። በቁጣ አይደለም፤ እውነት ለማወቅ ነው።

«ምንም፣ ልጄ። ይቅርታ። የእሷ ትንሽ ጣት ሥራ ፈትታለች ስትል…» ቀጥሎ የመጣላቸውን ቃል መዋጥ ይችሉ ነበር። አፋቸው ግን እንደ ልማዱ ቀደማቸው። «የእኔ ደግሞ ሥራ በዝቶባታል።»

ከተናገሩ በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። መብረቅ አንገቱን አዙሮ ከእግር እስከ ራስ አያቸው። ልጃቸው አልተቀመጠችም።

ማንም የማያውቀው ነገር ነበር። ልጃቸው ለውጭ ሥራ በወጣች ቁጥር ጋሽ ፈገግ የስቱዲዮውን የጓሮ ክፍል ይዘጉና ካሜራውን ይገለብጡታል። ካሜራ ሲገለበጥ የቀኙ መያዣ ወደ ግራ ይመጣል። በግራ እጅ ሲጨበጥ መጫኛው ከታች፣ ልክ ትንሿ ጣት ሥር ይውላል። የሞተች መሳይዋ ቀኝ እጅም ሌንሱን ከታች እንደ መደርደሪያ መደገፍ አያቅታትም። ዕድሜዋን ሙሉ ቀለበት እንኳ ተሸክማ የማታውቅ ትንሽ ጣት በእርጅና ሥራ ተቀጠረች። መጀመሪያ ላይ ጥግ ያለውን ባልዲ ፎቶ ሲያነሡ ግድግዳው ይወጣል፤ ግድግዳውን ሲሉ ጣሪያው። ቆይቶ ባልዲው ባልዲ ሆነ። ከዚያ በመስኮቱ የሚያልፉ ሰዎች፣ ከዚያ በሩጫ የሚያልፉ ልጆች።

«እስቲ ያሳዩን፣» አለች መሐንዲሷ፣ ለሙከራ ያመጣችውን አዲስ ቦዲ ከጠረጴዛው ላይ እያነሣች።

መንገዱ አጭር ነበር፤ ከኋላው ረድፍ እስከ ፊት። ለጋሽ ፈገግ ግን ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በዚያ ሁሉ ፎቶ አንሺ ፊት ማለፍ ነበረባቸው፤ እነዚህ ደግሞ ማየት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ ቀና ብለው አላዩአትም። ካሜራውን ተቀበሉ፣ ገለበጡት፣ ግንባራቸው ላይ ደገፉት።

«መብረቅ፣ ተነሣ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አንተ ላይ ይብራብህ።»

መብረቅ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሆዱን ሳበ፣ እንደ ሚኒስትር ቆመ። ጋሽ ፈገግ «ፈገግ በል» አሉት። ትንሿ ጣት ተጫነች።

ካሜራው ከትልቁ ስክሪን ጋር ተያይዞ ነበር። መብረቅ በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ጥርሱ አንድ በአንድ እየታየ፣ እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል ተሰቅሎ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወፍ አንሺው እንኳ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። መብረቅ አንገቱን አጣሞ ራሱን ከመረመረ በኋላ «ፀጉሬ ግን ጥሩ ወጥቷል» አለ።

ጋሽ ፈገግም ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ሳቁ። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣» አሉ ወደ መሐንዲሷ ዞረው። «በካሜራው መመልከቻ ሳይ ሰውየውን በእግሩ ቆሞ ነው የማየው። እዚያው ውስጥ ያለው ጽሑፍና ቁጥር ግን ተዘቅዝቆብኝ አንገቴ ተቀጨ። ፎቶው ደግሞ ይኸው እንደምታይው ነው። ቦዲው መገልበጤን ቢያውቅ፣ አብሮኝ ቢገለበጥ። እና ከታች በኩል ለዚህች ጣት የሚሆን አንድ መጫኛ ብትሠሩላት። ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።»

መሐንዲሷ ካሜራውን ተቀብላ ራሷ ገለበጠችው። በግራ እጇ ያዘችው፣ በትንሿ ጣቷ ሞከረች፣ ሳተች፣ ደግማ ሞከረች።

«አልዋሽዎትም፣» አለች በመጨረሻ። «አዲስ መጫኛ ማለት አዲስ ቅርጽ ነው። ፈላጊው ጥቂት ነው ይሉኛል አለቆቼ። ጽሑፉንና ፎቶውን ማዞር ግን ብረት መቁረጥ አይፈልግም። ጉዳዩን ይዤ እገባለሁ። እሺ ይሉኛል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«ቃል አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ። አንገቴ እስካሁን ችሎታል፤ ትንሽ ደግሞ ይታገሣል።»

ስብሰባው እኩለ ቀን ላይ ተበተነ። መብረቅ የተዘቀዘቀውን ፎቶ በስልኬ ካልላክሽልኝ ብሎ መሐንዲሷን ይዟት ቀረ። አባትና ልጅ በደረጃው ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሳቸው የብረቱን መደገፊያ በግራ ይዘው ከኋላ። ከታች፣ ጥላው ሥር ሲደርሱ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዝናቡ ካባራ ጀምሮ።»

«እና እኔ የማላውቀው?» ድምፅዋ ውስጥ ቅያሜ አለ። «አባዬ፣ እኔ እኮ በየቀኑ አጠገብህ ነኝ።»

ጋሽ ፈገግ ቀልድ ፈለጉ። አንድም አልመጣላቸውም። «ሳይሆን ቢቀርስ ብዬ ነው፣» አሉ። «ሆስፒታል ውስጥ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። እንደገና ተስፋ አድርገሽ እንደገና እንድታለቅሺልኝ አልፈለግኩም። ከቻልኩ እነግራታለሁ፣ ካልቻልኩ ባልዲው ብቻ ይወቀው ብዬ።»

ልጅየዋ ወደ መንገዱ ዞረች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሏቸው ክንዷን ያዙ። እየሳቀች ነበር።

«ባልዲ፣» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተዘቀዘቀ ባልዲ አግኝቼ ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ምንም የለውም ሲለኝ ተጣልቼው ነው የወጣሁት።»

«እውነትሽን ነው?»

«ምስኪኑን ሙያህን አታውቅም ብዬዋለሁ።»

«በይ ይቅርታ ጠይቂው። ደግሞ ጥሩ ባልዲ ነበር፤ ብርሃኑን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ፣» አለች፣ ሳቋ እየበረደ። «እንዲያውም ብልሹ ካሜራ እንዴት እንዲህ ያለ ብርሃን ያወጣል ብዬ አስቤ ነበር።»

መንገዱ ላይ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ አለፈ። ልጃቸው ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የአንዲት መምህርት ቁጥር ፈልጋ አገኘች፣ ግን አልደወለችም።

«ነገ ሁለት ቦታ ተደራርቦብኛል። አንደኛው የመዋዕለ ሕፃናት ፎቶ ነው፤ በየክፍላቸው፣ ከነመምህሮቻቸው። ዛሬ ደውዬ አልችልም ልላቸው ነበር።»

«ትንንሾች ናቸው?»

«በጣም። አንድ ቦታ አይቆሙም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል።»

«እና አንቺ የትኛው ጋ ልትሄጂ ነው?»

«ሌላኛው ጋ። እዚያ ሰዎቹ ንግግር ነው የሚያደርጉት፤ ቀላል ነው። አይንቀሳቀሱም።» ዓይን ለዓይን አየቻቸው። «የሚከብደውን ለአንተ ልተውልህ ብዬ ነው። የሚከብድህ ከሆነ ግን አሁን ንገረኝ።»

ጋሽ ፈገግ ስለ መብራቱ አሰቡ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩ፣ ልጆቹ ካሜራ ገልብጦ የያዘ ሽማግሌ ሲያዩ ስለሚያሰሙት ሳቅ፤ ለካ ኮፍያውም አያስፈልግም። ስለሚስቱት ፎቶም አሰቡ፣ ብዙ ይስታሉ። ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር፣ ለመጀመሪያ ሥራቸው የወጡ ዕለት የተሰማቸውን የመሰለ ነገር፣ ቦታ ለመያዝ ይገፋፋ ነበር።

«አለቃዬ አንቺ ነሽ፣» አሉ።

«አለቃ አትበለኝ።»

ደወለች። ስልኩ ሲጠራ ከጆሮዋ አንሥታ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ፈገግ በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ሃሎ ከማለታቸው በፊት ከወዲያኛው በኩል መስመሩ ተከፈተ፤ መምህርቷ አንዱን ልጅ «ውረድ ከዚያ» ስትል፣ ከኋላዋ ደግሞ ማንም የማይመራው፣ ማንም የማያስቆመው የሕፃናት ጫጫታ ተሰማ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ፣ ካሜራ እንደያዘ ሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።