ከካላዳን የመጣ አፈር

ወንድሜ ዳቡኦ የሞተው በርማ ጫካ ውስጥ፣ ለእንግሊዞች ጦርነት ነው። እኛ የዳጋራ ሕዝብ ደግሞ ሬሳው ባይገኝ እንኳ ከመቃብሩ እፍኝ አፈር አምጥተን ካላለቀስንበት ሟቹ ከአባቶቹ ዘንድ አይገባም። እናታችን አዩኦ ሞቱን ከሰማች ጀምሮ በሯን ዘግታ ተኝታ አታውቅም። «መጥቶ ተዘግቶበት ቢመለስስ?» ትላለች።

አፈሩን ያመጣው የመንደራችን ልጅ ዚየም ነው። ከዳቡኦ ጋር አብረው ዘመቱ፤ ሁለቱም የጦሩን ሣጥን በጭንቅላታቸው የሚያጓጉዙ ተሸካሚዎች ነበሩ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ስለሆንኩ ስለዚያ ዘመቻ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። «በበርማ፣ በካላዳን ሸለቆ ጦሩ ስንቅና ጥይቱን ከአውሮፕላን ይቀበል ነበር» ይላሉ መጻሕፍቱ። እሺ፣ ከአውሮፕላን ወረደ። ከዚያስ? ሣጥኑ እግር አውጥቶ ተራራውን ወጣው? በአውራጃው ከተማ ያቆሙት ድንጋይ ላይ የሁለት ነጭ መኮንኖች ስም ተቀርጿል። ከሥሩ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያነብ፣ «እና ተሸካሚዎቻቸው» ይላል። ለውሻ እንኳ ስም ይወጣለታል።

በለቅሶው ዕለት አፈሩን በቅል አድርገን፣ የዳቡኦን ልብስ አልብሰን፣ ሟች ለለቅሶ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ አስቀመጥነው። ሽማግሌው ቴንጋን በዱላ የሚመታውን የእንጨት መሣሪያ፣ ዛይሎፎኑን፣ መታ። የዚየም ጎሳ ከእኛ ጎሳ ጋር በወግ ይቀላለዳልና ለቅሶ ላይ ሟቹን መስደብ የእሱ ፋንታ ነበር።

«አንተ ሰነፍ! ባሕር ሙሉ ስሸከምህ አታፍርም? ውረድና ጠላ ቅዳልኝ!»

ሰው እያለቀሰ ሳቀ። አመሻሹ ላይ እናቴ በዳቡኦ ክፍል የማሽላ ገንፎ አኖረች፤ ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነሰች። ሟቹ ከገባ አመዱ ላይ ዱካው ይታያል።

ሲነጋ ሄደን አየን። ዱካው የአንድ ሰው አልነበረም። አመዱ በባዶ እግር ተረጋግጦ፣ አንዱ ዱካ በሌላው ላይ ተደራርቦ ነበር። ሁሉም ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ አንድም የወጣ የለም። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ገንፎው ግን ተጠርጎ ተበልቷል። በዚያ ደረቅ በጋ የረጠበ ቅጠልና የበሰበሰ ቀርከሃ ሸተተኝ።

«የሰፈር ልጆች ቀልድ ነው» አልኩ።

«መምህር፣ ትምህርትህን እዚያው ትምህርት ቤትህ» አለኝ ቴንጋን። ወደ ዚየም ዞረ። «አፈሩን ከየት አነሳኸው?»

«ከመቃብሩ ነዋ፣ አባ።»

«ከብቻው መቃብር?»

ዚየም አንገቱን ደፋ። «ለእኛ ማን የብቻ መቃብር ይቆፍራል፣ አባ? ቦምቡ ሰልፉን መታው፤ አንድ ላይ ከተቷቸው። የናይጄሪያም፣ የሴራሊዮንም ልጆች ነበሩ። አፈሩን ሳነሳ በስሙ የጠራሁት ግን ዳቡኦን ብቻ ነው።»

«እነሱን የጠራቸው ስለሌለ ተከትለውሃል» አለ ቴንጋን። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈሩ ወንዝ ይጣል። የማናውቃቸው ሙታን ቤት ውስጥ ከከረሙ ሕያው ይዘው ይሄዳሉ።»

«ልጄስ?» አለች እናቴ።

«አብሮ ይሄዳል፣ አዩኦ። አፈሩን ከአፈሩ እንዴት ብዬ ልለይልሽ?»

እናቴ ቅሉን ከቆጡ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ማንም ሊነጥቃት አልደፈረም። ዚየም ግን አመዱ ላይ ተንበርክኮ ነበር። የዱካዎቹ ተረከዞች ከአመዱ አልፈው መሬቱ ውስጥ ጠልቀው ነበር።

«አላወረዱም» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ሸክሙን። ጭንቅላታቸው ላይ እንዳለ ነው የሞቱት። ያን ሣጥን ብቻህን አታወርደውም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያወርድልህ። እኔና ዳቡኦ አንዳችን ለአንዳችን ነበር የምናወርደው። ያን ቀን እኔ ወባ ጥሎኝ ነበር።»

በእኛ መንደር ሸክም ይዞ ለመጣ ሰው፣ ጠላት ቢሆን እንኳ፣ ደጅ ላይ ያለ ሮጦ ያወርድለታል። እናቴ ቅሉን ለዚየም ሰጠችው፤ ግቢው ላይ ቆማ ወደ ክፍሉ ፊቷን አዙራ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ። ኑ፣ አምጡ።»

እጇ ድንገት ወደ ታች ተሳበ፤ ጉልበቷ ታጠፈ። መሬቱ ድም አለ፤ አቧራ ተነሳ። ቀና ብላ ደግማ ዘረጋች። ድም። ቴንጋን ዛይሎፎኑ ጋ ሄዶ፣ ስማቸውን ስለማያውቅ፣ ድም ባለ ቁጥር የእንግዳ መቀበያውን ዜማ ብቻ ይመታ ጀመር።

«ቀስ በሉ፣ እናንተ ሰነፎች! ተራ ያዙ!» ይላል ዚየም፤ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

የእናቴ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? አግዘኝ እንጂ!»

ከእጆቿ ትይዩ እጆቼን ዘረጋሁ፤ ባዶ አየር የምይዝ መስሎኝ ነበር። የእንጨት ጠርዝ መዳፌን ቆረጠኝ። በላብ የራሰ ገመድ ጣቶቼ መሃል ገባ፤ ክብደቱ ትከሻዬን ነቀለው። ፊት ለፊቴ፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ ሰው በረዥሙ ተነፈሰ።

ሲያበቃ ግቢው ሣጥኖቹ ባሳረፏቸው አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ተሞልቶ ነበር። ዛሬም አሉ። ስለ አውሮፕላኑ የሚጽፉት ሰዎች መጥተው ይለኳቸው።

«ዳቡኦ የትኛው ነበር?» አልኳት።

«ሁሉም ከብደውኛል» አለች።

ቅሉን ከአባቶቻችን መቃብር ጎን ቀበርነው፤ «ወንዝ ይጣል» ያለው ቴንጋንም ራሱ አፈር መለሰበት። ሲመሽ እናቴ በሯን ዘጋች።