ቋጠር፣ ፈልቀቅ

የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቃ ለዜና አንባቢዋ ትእዛዝ የሰጣት መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው፤ "የምድር ሙቀት ዜና ላይ ግንባርሽን ቋጠር፣ የአየር ጠባዩ ላይ ጥርስሽን ፈልቀቅ አድርጊ!"

ከዓይን ያውጣት፣ ታዛዥ ናት። ትናንት፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሙቀቱ ከልክ አልፏል፤ ወንዞቻችን ደርቀዋል" አለች። ሁለት እርምጃ ወደ ካርታው ፈቀቅ ብላ ደግሞ፣ "የምሥራች! ቅዳሜ ፀሐይዋ ፍክት ብላ ትውላለች፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወንዝ ዳር ወጣ በሉ!" አለች። ከደቂቃ በፊት ደርቋል ያለችውን ወንዝ ማለቷ ነው።

ዛሬ ስርጭቱ ሊጀመር ሲል የስቱዲዮው ማቀዝቀዣ ቀጥ አለ። ፊቷ ላይ የተለሰነው ፓውደር ወደ አንገቷ ይንሸራተት ጀመር። አለቃዋ ላብ በላብ ሆኖ፣ ክራቫቱን እየጎተተ ዘው አለ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! በዚህ ሙቀት እንዴት ይሠራል? ልንሞት እኮ ነው!"

"ጋሼ፣ ይሄኛው ሙቀት የቱ ነው?" አለችው ረጋ ብላ። "ልቋጥር ወይስ ልፈልቅቅ?"

ሊቆጣ አፉን ከፈተና ዓይኑ ካሜራው ላይ አረፈ።

"በርቷል እንዴ?"

"አሁን በራ።"

አለቃዋ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጥርሱን ፈልቀቅ አደረገ።