አረንጓዴዋ ነጥብ

የአሮጌው ካሜራ ሌንስ ቀጭ ብሎ አዲሱ ካሜራ አፍ ላይ ገጠመ። ፈህሚያ ቁልፉን በጣቷ ጫን አደረገችው። ምንም የለም። ደግማ ተጫነችው። አሮጌው ካሜራ እንዲህ ሲነኩት ሌንሱን እንደ ንብ "ጥዝ" አድርጎ ያዞርና የደበዘዘውን ፊት ራሱ ያጠራላት ነበር። አዲሱ ግን ዝም።

"ምነው? ሞተ እንዴ?"

"ወላሂ ሻጩ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ ይገጥማል ብሎኛል" አለ ዐብዱልከሪም። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ካሜራውን ትናንት ከአዲስ አበባ ይዞላት የመጣው እሱ ነው። ልብስ ነጋዴ ስለሆነ ከጨርቅ በቀር የሚያውቀው የለም።

"እንዳንተ የፊተኛ ትዳር፣ መግጠሙንማ ገጠመ። ያኮረፈው ከገጠመ በኋላ ነው።"

ሳቁ እንጂ ነገሩስ የሚያስቅ አልነበረም። እሑድ የጎረቤቷ የዙህራ ልጅ ዐዚዛ ትዳራለች። በአዲስ ዓለም ሰፈር ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው ሙሽራዋን ከበው ሲጨፍሩ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ ስንት ዘመን ስትገባ የኖረችው ፈህሚያ ናት። ፊልም የሚያጥበው ቤት ከተዘጋ ወዲህ አሮጌው ካሜራዋ ሥራ ፈቷል። አዲሱም እምቢ ካለ ወንድ ሊገባ ነው፤ የሙሽራው አጎት "የኛ ቪዲዮ አንሺ ይግባ" እያለ በር በሩን እያየ ነው። ደግሞ ማንም የማያውቅባት አንድ ነገር አለ፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። በካሜራው መመልከቻ ስታይ ሁሉም የደባርቅ ጉም ነው። ገመናዋን ሸፍኖ ያቆየላት ያ ራሱ የሚያጠራው አሮጌ ካሜራ ነበር።

ሌንሱን ፈታችና ሁለቱን ካሜራዎች አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ዓይኗ ያልደረሰበትን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው። ከአሮጌው ከንፈር ላይ የካቻቢቴ ጫፍ የመሰለች ብረት ብቅ ብላለች። ሌንሱም ከጀርባው ለዚያች ብረት የተሰነጠቀች ቀዳዳ አለችው። የአዲሱን ከንፈር ዞራ ዞራ ዳበሰችው፤ ልሙጥ ነው።

"አየህ ከሪም፣ ሌንሱ የራሱ ሞተር የለውም። አሮጌው ነው በዚች ብረት ሲያዞርለት የኖረው። ይህኛው ደግሞ ማዞሪያ እጅ አልተሠራለትም።"

"ታዲያ የተበላሸው የትኛው ነው?"

"ሁለቱም ሸጋ ናቸው። አብረው ነው የማይሠሩ።"

"ወስጄ ላስቀይረዋ!"

"ለእሑድ ትደርሳለህ?"

በጣቱ ቀን ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ነገሩ ስቧት ሌንሱን መልሳ ገጠመችና በእጇ እያዞረች በመመልከቻው የወንድሟን ፊት ታይ ጀመር። ፊቱ እንደ ወትሮው ጉም ነው። ከመመልከቻው ጥግ ላይ ግን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቦግ አለች። ትንሽ ስታዞር ጠፋች። ስትመልስ ቦግ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?"

ነጥቧ ጠፍታ ሳለች አንድ አነሳችው፤ በርታ ሳለች አንድ። "እስቲ አንተ እይልኝ።"

"በፊተኛው ሰው መሆኔም አይታወቅ። በኋለኛው..." ጢሙን ዳበሰ። "ሽበቴን አንዱንም አልማረችኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! እኔ አዞራለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች።"

ይህን ስትል የሙሽራዋ እናት ዙህራ እያለከለከች ገባች። "ፈህሚያ፣ ቁርጡን ንገሪኝ! አጎትየው ደጄን ሊሰብር ነው። ልጄ ደግሞ ወንድ ከገባ ከመጋረጃዬ አልወጣም ብላለች።"

"ተቀመጪ እስቲ።" ፈህሚያ የሌንሱን ቀለበት ቀስ ብላ አዞረች፤ ነጥቧ በራች፤ አነሳቻት። ዙህራ ምስሏን አይታ "ማሻአላህ! ሽፋሽፍቴ ሳይቀር!" ብላ ትከሻዋን በደስታ ሰበቀች። ፈህሚያ ያንንም ልታነሳ ሞከረች። እጇ ሳይደርስ ነጥቧ እየጠፋች፣ የወጣው ምስል ውኃ የገባበት ሊጥ መሰለ።

ዐብዱልከሪም የእህቱ ዓይን መድከሙ ያን ጊዜ ገባው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "እታለም፣ ተቀምጣ የተነሳችውን ብቻ አሳዪያት። ማን ያውቃል?" አላት።

ፈህሚያ ሁለቱንም አሳየቻት።

"ዙህራ፣ ዓይኔ ደክሟል። እስከ ዛሬ ሲያጠራልኝ የኖረው ካሜራው ነው። ይሄ አያጠራም፤ የሚነግረኝ ስደርስበት ነው። የቆመ ሰው እደርስበታለሁ። የሚጨፍር ያመልጠኛል።"

ዙህራ የተበላሸውን ምስል ትክ ብላ አየችው። "ልጄን ይዛችሁ ተቀመጡ ልበላቸው? ሠርግ ነው ለቅሶ?"

"ጨፍሩ። እጄን ሳነሳ ብቻ ቀጥ በሉ።"

"በከበሮ መሀል? ያን ሁሉ ሴት ማን ያቆመዋል? እኔ ራሴ ከተነሳሁ አላህ ነው የሚያቆመኝ!"

"ሞክረን እንየዋ።"

ዙህራ ተነሳች። ሻሿን ነካ አደረገችና ዐብዱልከሪምን በጎን አይታ እጇን መለሰች።

"ከሪም፣ ውጣ" አለች ፈህሚያ።

"እኔ? ካሜራውን ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ!"

"አላህ ይስጥልኝ። አሁን ውጣ።"

እያጉረመረመ ወጣ። ፈህሚያ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች።

"በይ ዙህራ፣ እንደ እሑድ።"